ዓሣ ለማግኘት ማጥመድን ማቆም፦ የሁለት ትንንሽ ደሴቶች ታሪክ

እስቲ በአንድ ቀላል ሒሳብ እንጀምር። ዓሣ አጥማጆች የሚሠሩበት አንድ የባሕር ክፍል አለ እንበል። ከአራት እጁ ሦስቱ ክፍት ነው፤ አንዱ እጅ ግን ዝግ ነው፤ ማንም መረብ አይጥልበትም። ታዲያ ያ የተዘጋው ሩብ ቢከፈትላቸው አጥማጆቹ የሚያገኙት ዓሣ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

«ይጨምራል እንጂ!» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ቦታው ከሰፋ ዓሣውም መብዛት ነበረበት። ነገር ግን ፊሊፒንስ ውስጥ ሱሚሎን በምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ይሄው ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል፤ ውጤቱም የተገላቢጦሽ ሆነ። የተዘጋው ሩብ በተከፈተ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ዓሣ በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ እንቆቅልሽ ነው። ከዚያም በላይ ግን፣ አንድ እውቀት ከሳይንቲስቶች ማስታወሻ ደብተር ወጥቶ በዓሣ አጥማጆች እጅ እንዴት እንደገባ የሚያሳይ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድማሚት የበላው ባሕር

ፊሊፒንስ ከ7,000 በላይ ደሴቶችን ያቀፈች አገር ናት። በባሕር ዳርቻዋ ለሚኖር ድሃ ቤተሰብ ዓሣ ማለት ለእኛ ሽሮ እንደማለት ነው። የዕለት ምግብ ነው፤ ሲተርፍም ተሽጦ ሩዝና የልጆች ደብተር ይገዛበታል።

ብዙው ዓሣ የሚኖረው በኮራል ሪፍ ላይ ነው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥቃቅን እንስሳት እንደ ኖራ ድንጋይ የጠነከረ አጽም እየሠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ፣ ከባሕሩ ሥር ከተማ የሚመስል ነገር ይገነባሉ። ሪፍ የሚባለው ይህ ነው። ዓሣው እዚያ ይደበቃል፣ ይመገባል፣ ይራባል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ይህን ከተማ የሚያፈርሱ የማጥመጃ ዘዴዎች ተስፋፉ። አንዱ ድማሚት ነው። ፈንድቶ ዓሣውን ከነጫጩቱ ይፈጃል፤ ኮራሉንም ያደቅቀዋል። ሌላው ሳያናይድ የተባለው መርዝ ነው፤ ዓሣውን አደንዝዞ ለመያዝ ይረጫል፤ ኮራሉን ግን ይገድላል። ሦስተኛው ሙሮ አሚ ይባላል። ዋናተኞች በገመድ በታሰረ ድንጋይ ኮራሉን ይደበድባሉ፤ የደነገጠው ዓሣም ወደተዘረጋው መረብ ይነዳል። እንደ ቋጥኝ የሚገዝፉት የኮራል ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። በቅጽበት የፈረሰውን ለመመለስ ብዙ አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ ማለት ነው።

አጥማጆቹ ይህን ሳያዩ ቀርተው አይደለም። ዓሣው እያነሰና እየቀጨጨ ሲሄድ ቀድመው ያወቁት እነሱ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነበር፦ «እኔ ብተወው ሌላው ያፈነዳዋል፤ ልጆቼ ደግሞ ዛሬ ማታ መብላት አለባቸው።»

«ላም አለኝ በሰማይ»

ኤንጀል አልካላ በ1929 በኔግሮስ ደሴት ተወለዱ። ሙያቸው የእንስሳት ጥናት ሲሆን ቀድሞ ይበልጥ የሚታወቁት በእንቁራሪትና በእንሽላሊት ምርምራቸው ነበር። በዱማጌቴ ከተማ በሚገኘው ሲሊማን ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ወደ ባሕሩ ጥናት ገቡ። በ1974 እሳቸውና የዩኒቨርሲቲው ባልደረቦች የአካባቢውን አስተዳደር አሳምነው በሱሚሎን ዙሪያ ካለው ሪፍ ሩብ ያህሉ ከማጥመድ ነጻ እንዲሆን አደረጉ።

ይህን ለአጥማጅ መንገር ቀላል አይደለም። ለገበሬ «ከማሳህ ሩቡን ተወው፤ ወደፊት ትጠቀማለህ» እንደማለት እኮ ነው። በእኛ አባባል «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

የሳይንቲስቶቹ ሐሳብ ግን ገበሬ የሚያውቀው ሐሳብ ነበር፤ ለዘር የተቀመጠ እህል አይበላም። በርካታ የሪፍ ዓሦች ከሰፈራቸው ብዙም አይርቁም። ስለዚህ ትንሽ ቦታ እንኳ ቢጠበቅላቸው ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ ይገዝፋሉ። የዓሣ ግዝፈት ደግሞ ተራ ነገር አይደለም። ቀይ ስናፐር የተባለውን ዓሣ እንውሰድ። 61 ሴንቲሜትር የደረሰች አንዲት እናት የምትጥለው ዕንቁላል 42 ሴንቲሜትር የሆኑ 212 እናቶች በአንድነት ከሚጥሉት ጋር ይተካከላል። ዕንቁላሉና ጫጩቱ በማዕበል ተወስዶ ሌላ ቦታ ሊያድግ ይችላል። ቦታ የጠበባቸው ትልልቆቹም ድንበሩን አልፈው ወደ ክፍቱ ባሕር ይወጣሉ፤ እዚያ መረብ ይጠብቃቸዋል። የተዘጋው ሩብ ለቀሪው ሦስት አራተኛ የዘር ጎተራ ሆነ ማለት ነው።

ሆኖም ሱሚሎን አንድ ድክመት ነበረባት። ደሴቷ ላይ መንደር አልነበረም፤ አጥማጆቹ ከሌላ የባሕር ዳርቻ ነበር የሚመጡት። ክልሉን የዘጉት ዩኒቨርሲቲውና አስተዳደሩ ናቸው። ስለዚህ የአካባቢው ፖለቲካ ሲቀየር ጥበቃው ላላ፤ በ1984 ጭራሽ ፈረሰ። ድማሚቱም የሙሮ አሚ መረቡም ተመልሶ ገባ።

ለአልካላና ለአውስትራሊያዊው ባልደረባቸው ለጋሪ ረስ ይህ ከባድ ኪሳራ ነበር። ነገር ግን መቁጠራቸውን አላቆሙም። አጥማጆቹ ምን ያህል ዓሣ እንደሚይዙ ክልሉ ሳይፈርስ በፊት መዝግበው ነበርና፣ ከፈረሰም በኋላ መዘገቡ። መግቢያው ላይ ያነሣነው እንቆቅልሽ የተገኘው ከዚህ ነው። ከሦስት አራተኛው ሪፍ ይወጣ የነበረው ዓሣ ከሙሉው ሪፍ ከወጣው በልጦ ተገኘ። ጎተራው ሲዘረፍ ማሳውም ደኸየ። የሱሚሎን ውድቀት የሐሳቡ ትክክለኛነት ማስረጃ ሆነ።

አፖ፦ አይቶ ማመን

ከሱሚሎን ብዙም ሳይርቅ አፖ የምትባል ሌላ ትንሽ ደሴት አለች። እዚህ ግን ሰው ይኖራል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ያሉባት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። እዚያም ዓሣው ስለጠፋ አጥማጆች ከደሴቷ እየራቁ በትንንሽ ጀልባ መቅዘፍ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

የሲሊማን ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ አፖ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ትእዛዝ ይዘው አልሄዱም። ተቀምጠው አወሩ፣ አዳመጡ፣ ደጋግመው ተመላለሱ። ንግግሩ ዓመታት ፈጀ። ወሳኙ ነገር ግን ሌላ ነበር፤ አንዳንድ የአፖ አጥማጆችን ጥበቃው ገና ወዳልፈረሰባት ሱሚሎን ወስደው አሳዩአቸው። ባሕሩ ውስጥ ሲያዩ ዓሣው ተርመስምሷል። አንድ አጥማጅ የምርምር ወረቀት አያነብ ይሆናል፤ ባሕርን ግን ከማንም በላይ ያነባል። ሺህ ጊዜ ቢነገር የማይታመነው ነገር በአንድ ቀን ታየ።

በ1982 በአፖ 14 ቤተሰቦች ተስማሙ። ከባሕር ዳርቻው 450 ሜትር ርዝመት ያለውን፣ ከማጥመጃ ቦታቸው አንድ አሥረኛ ያህሉን ዘጉ። ኮራሉ ጥሩ የሆነ፣ ዓሣ ግን ብዙም የማይገኝበት ቦታ ነበር፤ ስለዚህ ሐሳቡ ባይሳካ እንኳ የሚያጡት ትንሽ ነው። ከመንደሩ አጠገብ ስለሆነም ለመጠበቅ ይመቻል። በ1985 የአካባቢው አስተዳደር በደንብ አጸናው። ነዋሪዎቹም «ባንታይ ዳጋት» ሆኑ፤ የባሕር ጠባቂ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ከሳይንቲስቶቹ ጥያቄም የሰፋ ነበር። በደሴቷ ዙሪያ ባለው ባሕር ሁሉ ድማሚት፣ መርዝና ሙሮ አሚ ተከለከለ። የተፈቀደው እንደ መንጠቆ፣ የቀርከሃ ወጥመድና ዓይኑ ሰፊ መረብ ያለው ብቻ ነበር። ረስና አልካላ ከ1983 ጀምረው ውሃው ውስጥ እየጠለቁ ዓሣ ቆጠሩ። በ18 ዓመት ውስጥ፣ እስከ 2001 ድረስ፣ በተዘጋው ክልል ሁለት ዋና ዋና የዓሣ ቤተሰቦች በክብደት ሦስት እጥፍ ሆኑ። አጥማጆቹም ሩቅ መቅዘፋቸው ቀረ።

አስተማሪ የሆኑ አጥማጆች

ቀጥሎ የመጣው ምን መሰላችሁ? ከሌሎች ደሴቶች አጥማጆች አፖን ለማየት መጡ። አሁን አስረጂዎቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የመንደሩ ሰዎች ጭምር ናቸው። ጠያቂውም መላሹም ያው አጥማጅ ነው፤ ስለ መረብ፣ ስለ ብድር፣ ሕግ ስለሚጥስ የገዛ ዘመድ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ። «መጀመሪያ ዓመት ምን በላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በእውነት መመለስ የሚችለው ያንን ዓመት ያሳለፈ ሰው ነው።

ሕጉም ተከተለ። በ1991 የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ከዳርቻቸው እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለውን ባሕር እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጠ። አልካላ በ1992 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን ተቀበሉ፤ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትርም ሆነው ሠሩ። ዛሬ በፊሊፒንስ ከ1,000 በላይ የተጠበቁ የባሕር ክልሎች አሉ፤ አብዛኞቹ ትንንሽና በአካባቢው ሕዝብና አስተዳደር የሚመሩ ናቸው።

ሁሉም ተሳክቶላቸዋል ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ በወረቀት ላይ ብቻ አሉ፤ ደንቡ ጸድቋል፣ ምልክቱ ተተክሏል፣ ጠባቂ ግን የለም። አፖም ብትሆን ከአደጋ አላመለጠችም። በ2011 እና በ2012 ተከታትለው የመጡ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች የጥበቃ ክልሉን ኮራል ክፉኛ ሰባበሩት። ድማሚትን መከልከል ይቻላል፤ አውሎ ነፋስን ግን አይቻልም። የተቻለው ነገር የተረፈው ኮራል በሰላም እንዲያገግም ማንም እንዳይነካው መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ የአፖ ሰዎች ከ1982 ጀምሮ ያውቁበታል።

አልካላ በ2023 ዐረፉ። ሁለቱን ደሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ሳይንሱ አንድ፣ ዩኒቨርሲቲው አንድ፣ ባሕሩም አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ የተዘጋውን ባሕር «የእኔ ነው» የሚለው ማን ነው የሚለው ነው። በሱሚሎን እውቀቱ የጥቂት ምሁራንና ባለሥልጣናት ነበር፤ ባለሥልጣኑ ሲቀየር አብሮ ሄደ። በአፖ ግን የመንደሩ ሆነ፤ ከንቲባ ቢመጣም ቢሄድም ማታ ማታ ባሕሩን የሚጠብቅ ሰው አልጠፋም።