ደጅ የሚያስጠና መግቢያ

አማርኛ ለጽሑፍ አጀማመር ሁለት ስሞች አሉት፤ መቅድምና መግቢያ። እንደ አንድ ቃል ስናፈራርቃቸው ብንኖርም ሥራቸው ለየቅል ነው። መቅድም «ቀደመ» ከሚለው ግስ የተወለደ ነውና ከነገሩ ፊት ይቆማል፤ ከነገሩ ውጭም ሊቆም ይችላል። መግቢያ ግን በር ነው፤ በሩን ያለፈ ሰው ቤት ውስጥ ነው። መምህሮቻችን «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» እያሉ ድርሰት አስተምረውናል። እኛ ግን ዛሬም ብዕር ስናነሣ የምንጽፈው በአብዛኛው መቅድም ነው፤ አንባቢውን ደጅ እናስጠናዋለን። ይህ ልማድ የስንፍና ብቻ አይመስለኝም፤ ረዥም ታሪክ አለው።

የብራና መጻሕፍታችን በሥላሴ ስም ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ከራስጌው «ሐረግ» የተባለው ጌጥ ይሳላል። ዓይን ገና ፊደሉን ሳይለይ መጀመሪያው ላይ መድረሱን ያውቃል። ይህ ሁሉ ማማር ግን አንባቢን ለማባበል የታሰበ አልነበረም። አንድ መጽሐፍ የስንት ፍየልና በግ ቆዳ በሚፈጅበት፣ የስንት ወር የእጅ ሥራ በሚጠይቅበት ዘመን፣ አንባቢ ገልጦ ጥሎት ይሄዳል ብሎ የሚሠጋ ጸሐፊ አይኖርም። መክፈቻው የሚመልሰው ጥያቄ «ለምን ላንብበው?» የሚለውን ሳይሆን «በማን ስም ተጻፈ?» የሚለውን ነበር። ክብረ ነገሥትን ያነበበ ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። መጽሐፉ በንግሥተ ሳባና በሰሎሞን ታሪክ ይታወቃል፤ የሚጀምረው ግን ከሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ርቱዓነ ሃይማኖት አባቶች ነው። ከአዳም ተነሥቶ ትውልድ ቆጥሮ ንግሥቲቱ ዘንድ የሚደርሰው ሃያ ያህል ምዕራፎች ካለፉ በኋላ ነው። ለዚያ መጽሐፍ ይህ ጉድለት አይደለም፤ የነገሥታት ክብር ከየት እንደ መነጨ ሊያስረዳ የተነሣ መጽሐፍ ከአዳም ቢጀምር ያምርበታል። ስለ ቡና ሁለት ገጽ የሚጽፈው የእኛ ዘመን ሰው ከአዳም ሲጀምር ነው ጣጣው።

ከብራናው ውጭ የነበረው አማርኛ ሌላ ጠባይ ነበረው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የመሠረት» ብለው ካልመለሱለት ተረቱ አይቀጥልም። «እንቆቅልሽ» ያለም «ምን አውቅልህ» የሚለውን መልስ ይጠብቃል። ሁለት ቃል ብቻ ናቸው፤ ሆኖም ሰሚውን የነገሩ ባለድርሻ ያደርጉታል። ሰሚ እግር አለው፤ ካልጣመው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ወይም ይተኛል። የድሮው ሙግት ደግሞ ከእንቅልፍ የከፋ ነገር ያስይዝ ነበር። በላ ልበልሃ በተባለው የክርክር ሥርዓት ባለጉዳዩ ቆሞ፣ ቤት በሚመታ ንግግር ዳኛውንም ከብቦ የሚሰማውንም ሕዝብ እየሳበ ነው ሙግቱን የሚከፍተው። አንደበቱ ካልቀናው የአባቱ ርስት አብሮ ሊሄድበት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መክፈቻውን ሲያውጠነጥን ያድር እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

«ይድረስ» ብሎ የሚነሣው ደብዳቤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ ግማሹ ብራና፣ ግማሹ ንግግር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ የታወቀው ምሳሌ ነው። በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ ላኪውንና ተቀባይዋን ይጠራል፤ ጤና ይጠይቃል። ቀጥሎ አባቶቻቸው ፈጣሪን በመርሳታቸው መንግሥታቸውን እንዳጡ፣ እርሳቸውን ግን ፈጣሪ ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ይናገራል። የሞቱባቸውን ወዳጆች፣ ፕላውደንንና ቤልን ያነሣል። ዋናው ልመና፣ ማለትም ቱርክ ባሕሩን ስለ ዘጋባቸው መልእክተኞቻቸው እንግሊዝ አገር በደኅና የሚደርሱበት መንገድ እንዲበጅላቸው መጠየቃቸው፣ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በኢትዮጵያዊ ጆሮ እዚህ ውስጥ ትርፍ ቃል የለም። ማን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ ተነሣ፣ ማን እንደ ሞተበት ያልተናገረ ሰው ምን ብሎ ይለምናል? ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ለዝምታው ምክንያቱ ፖለቲካ ነበር፤ አጻጻፉን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ይሆናል። የዝምታው ዋጋ ግን የታወቀ ነው፤ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፣ የናፒየር ጦር መጣ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። ያ መክፈቻ ዛሬ ሲነበብ የሚያሳዝነው አንድ ንጉሥ ራሱን እስከዚህ ድረስ ገልጦ ከደጅ መቅረቱ ነው።

የዚያው ዘመን ሰው አለቃ ዘነብ፣ የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት፣ «መጽሐፈ ጨዋታ ሥጋዊ ወመንፈሳዊ» የሚል ሥራም ትተውልናል። ርእሱ ብቻውን መግቢያ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ እ.ኤ.አ. በ1580 መጽሐፉን «ሙከራዎች» ብሎ ሲሰይም ራሱን ብቻውን በሚዛን ላይ ያስቀመጠ ሰው ይመስላል። የእኛ አለቃ ግን «ጨዋታ» አሉ፤ ጨዋታ ደግሞ ብቻን አይሆንም። ኋላም መስፍን ሀብተ ማርያም እነ «የቡና ቤት ሥዕሎች»ን ሲያሳትም የጽሑፉን ዓይነት «ወግ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ጸና። ወግ ጨዋታ ነው፤ ወግ ሥርዓትም ነው። በአማርኛ ድርሰት የሚከፍት ሰው ሁለቱንም ዕዳ ተሸክሟል። እንደ እንግዳ ሰላምታ መስጠት አለበት፤ እንደ ተጫዋችም ወዲያው ነገር ማምጣት አለበት።

ይህን ዕዳ በግልጥ የተረዳው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይመስለኛል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ሐተታው እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ታተመ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ለአንባቢ ደረሰ። የታሪክ ጸሐፊ ሦስት ስጦታዎች ያስፈልጉታል ይላል፤ የተደረገውን የሚያስተውል ልቦና፣ ሳያደላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያየውንና የፈረደውን ለሌላው የሚያደርስበት የጠራ ቋንቋ። ሦስተኛውን ከሁለቱ እኩል ማስቀመጡ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ለገብረ ሕይወት ቋንቋ ጌጥ አይደለም፤ ፍርዱ አንባቢው ዘንድ የሚደርስበት መንገድ ነው። ሐተታውን የጻፈው ምኒልክ ታመው፣ ሥልጣኑ ወደ ልጅ ኢያሱ ሲሻገር፣ አገር ምን ማድረግ እንዳለባት ለመምከር ነበር። የሚቸኩል ምክር የያዘ ሰው ሐረግ እየሳለ ሊቆይ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ምን ነካን? ትምህርት ቤትና ቢሮ ሌላ ዓይነት ሐረግ አስተማሩን። «ሁላችንም እንደምናውቀው»፣ «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ»፣ «ወደ ዋናው ርእሰ ጉዳይ ከመግባቴ በፊት»። ሁላችንም የምናውቀው ከሆነ ለምን ይጻፋል? የቢሮው ይብሳል። «ጉዳዩ፦» የሚለው መስመር የተፈጠረው የአንባቢን ጊዜ ለማትረፍ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ግን «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ወደ ኋላ ይመልሰናል። ከቦሌ እስከ የካ በየወረዳውና በየፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሐረግ በቃላቸው ይዘውታል። እንደ እኔ በባንክ መስኮት ማዶ የሚቀመጥ ሰውም ማመልከቻን ከታች ወደ ላይ ማንበብ ይለምዳል፤ «እንዲሰጠኝ»ም ሆነ «እንዲታገድልኝ» የሚለው ቃል ከፊርማው በላይ ነውና።

እንዲህ ያለው ለሁሉ የሚሆን መክፈቻ የእኛ ብቻ አይደለም። ታላቁ ሮማዊ ተናጋሪ ሲሴሮ መግቢያዎችን ብቻ አስቀድሞ ጽፎ የሚያኖርበት ጥራዝ ነበረው። ሲያስፈልገው አንዱን መርጦ ከአዲሱ መጽሐፍ ራስጌ ያኖራል። አንድ ጊዜ ታዲያ ለሌላ መጽሐፍ የሰጠውን መግቢያ ደግሞ «ስለ ክብር» ለተሰኘው ሥራው ሰጥቶት ተገኘ፤ ለወዳጁ ለአቲኩስ አዲስ መግቢያ ልኮ አሮጌውን ቆርጦ ይህን ለጥፍልኝ አለው። በሁለት መጻሕፍት ራስ ላይ ያለ ችግር የሚቀመጥ መግቢያ የየትኛውም አልነበረም ማለት ነው።

የአማርኛ ችግር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው፤ ሰዋስው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ «ሲሆን»ን፣ «ስትሆን»ን፣ «በመሆኑም»ን ተሸክሞ ዓረፍተ ነገሩን ያቋርጣል። በመካከል ላይ ያለ አንቀጽ ይህን ሸክም ይችለዋል፤ አንባቢው ገብቷልና። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን ደጅ ላይ የቆመን ሰው ዕቃ እንደ ማሸከም ነው። ስለ ቦሌ አንድ ወግ እንጀምር ብንል፣ የለመድነው ይህ ነው፦ «ቦሌ በአዲስ አበባ ከተማ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ ሲሆን ከጊዜ ወደ ጊዜ እጅግ ፈጣን ለውጦችን በማስተናገድ ላይ የሚገኝ በመሆኑ የብዙዎችን ትኩረት የሳበ አካባቢ ነው።» ቦሌን አንሥተን መገናኛን ብንተካ፣ ሲኤምሲን ብንተካ፣ አያትን ብንተካ አንዲት ቃል አይጎረብጠውም፤ የሲሴሮ ጥራዝ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

አሁን ደግሞ ይህን እንይ፦ «ቦሌ ሜዳ ሳለ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር።» ሰባት ቃል ነው፤ ግሱ ቶሎ ይደርሳል። ሌላ ሰፈር አይተካበትም። አንባቢው «ታዲያ ለምን ተዛወረ?» ብሎ ጠይቋል፤ «የመሠረት» ብሎ እንደ መለሰ ይቆጠራል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በልደታ በኩል «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ከዚያ እንዳተረፈ ሊናገር ይችላል። ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀቶቹ ሲመጡ የልደታ መንደርደሪያ አልበቃ ማለቱን።