ዕውሩ ማን ነበር?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አንድ ጓደኛዬ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ ጥያቄ ጠየቀ። «ባለፈው ዓመት ይሆናል የተባለው ትንቢት ለምን አልሆነም?» ነው ያለው። መልስ አላገኘም። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ከመድረክ «መንፈሳዊ ዕውሮች በመካከላችን አሉ» ተባለ። ማን እንደተባለ ሁሉም ያውቃል። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ አልሄደም።

ይህን ሲነግረኝ ትዝ ያለኝ ኦነሲሞስ ነሲብ ነው።

ታሪኩን የወለጋ ልጅ ሁሉ በግማሽ ያውቀዋል። ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም «ተርጓሚ» ነው ይባላል። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ሙንሲንገር ነፃ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን ሰጠው። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በላከው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም ነው። ስዊድን ሄዶ ተማረ። በሱዳን በኩል ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም። ስለዚህ ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ፣ ተቀምጦ መተርጎም ጀመረ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ስዊዘርላንድ ታተመ።

እዚህ ላይ ልቁም። ኦነሲሞስ ከአገሩ የወጣው ሕፃን ሆኖ ነው። የአዋቂ ሰው ኦሮምኛ፣ ተረቱ፣ እንቆቅልሹ፣ የለቅሶው ቃል ከየት ይምጣለት? ከአስቴር ጋኖ ነዋ! እሷም በባርነት የተሸጠች ናት፤ ወደ ዓረብ አገር ስትጫን በ1886 የጣልያን መርከብ አስጣላት። ለትርጉሙ የሚያስፈልገውን የቃላት ስብስብ ያዘጋጀችው እሷ ናት። አምስት መቶ ያህል ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገርም ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች፤ ከዚያ ከፊሉ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። የአባታችንን ስም በየአዳራሹ እንጠራለን፣ የእሷን ስንቶቻችን እናነሳለን? ስለ ዕውርነት ከተነሳ ይኸም ይቆጠር።

በ1904 ሁለቱም ነቀምቴ ገቡ። ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ማስተማር ጀመረ፤ ችግሩም ከዚሁ መጣ። የአካባቢው ካህናት በኦሮምኛ መስበክ አይችሉም ነበር። ማርያምን ይሰድባል ብለው ከሰሱት። በ1906 አዲስ አበባ፣ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አቡኑ እንዲሰደድ ፈረዱ፤ አፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን አይስበክ አሉ። አሥር ዓመት ያህል እንደዚያ ኖረ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱለት ድረስ።

ኦርቶዶክስ አንባቢዎቼ እንዳትቆጡኝ፤ ካህናቱን ክፉ ለማለት አይደለም። ሰዎቹ ለሃይማኖታቸው የቆሙ መስሏቸው ነው። የኔ ነገር ሌላ ነው፦ ሰውየው በማይሰማው ቋንቋ ሲነገረው ኖሮ አልገባህም፣ ጨለማ ውስጥ ነህ ሲባል፣ የማየት ችግሩ የማን ነው? ዛሬ ጓደኛዬን ዕውር ያሉት ደግሞ የዚያው የኦነሲሞስ የመንፈስ ልጆች ናቸው። ወንበሩ ተቀየረ እንጂ ክሱ ያው ነው።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ደግማችሁ አንብቡት። ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ዓይኑ የበራው በአንድ ቀን ነው፤ እምነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ኢየሱስ ሲጠየቅ «አንድ ሰው» ነው የሚለው። ቆይቶ ነቢይ ነው ይላል። ሲያዋክቡት፣ ሲጠይቁት፣ እሱም መልሶ ሲጠይቃቸው ነው የሚገፋው። ከምኩራብ ካባረሩት በኋላ ነው አምኖ የሰገደው። ኢየሱስም የወቀሰው አላይም ያለውን ሳይሆን «እናያለን» ያሉትን ነው። የሚጠይቅ ሰው በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ከየትኛው ወገን እንደሚቆም ለሰባኪዎቻችን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ቡርቃ ጃቶ አንድ ቤት ቡና ጠጣሁ። አዛውንቱ የያዙት መጽሐፍ ቅዱስ ኦሮምኛ ሆኖ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ኦነሲሞስም ያሳተመው በዚሁ ፊደል ነበር። የልጅ ልጃቸው የተማረው በቁቤ ነው፤ ከ1991 በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። መጽሐፉን ገልብጦ አየና «አካኮ፣ ይኼ አማርኛ ነው እንዴ?» አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። መነጽራቸውን አጠለቁና ጮክ ብለው አነበቡለት። ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ሰማ፤ እያንዳንዱ ቃል ይገባው ነበር።