ዲፊብሪሌተርና የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሕግ

የሰው ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊብሪሌሽን የተመለሰው በ1947 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በክሊቭላንድ ነበር። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ክሎድ ቤክ ይህን የፈጸሙት ደረቱ ተከፍቶ በነበረ የ14 ዓመት ልጅ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን ንዝረት መስጠት የሐኪም ሥራ ሆኖ ኖረ፤ ያለ ፈቃድ ማከም ደግሞ በሕግ ያስጠይቅ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1959 ያወጣችው፣ ከወንጌሉ ደግ ሳምራዊ ስሙን የወሰደው ሕግም ቢሆን ከክስ የጠበቀው በአደጋ ቦታ የሚረዳን ሐኪም እንጂ መንገደኛውን አልነበረም።

የልብን ምት ራሱ መርምሮ ንዝረት ሲያስፈልግ ብቻ የሚያዝ አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር ከተሠራ በኋላ ግን ይህ አጥር ትርጉም አጣ። በቬንትሪኩላር ፊብሪሌሽን የወደቀ ሰው የደረት ግፊት ካልተደረገለት የመትረፍ ዕድሉ በየደቂቃው ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳልና። በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአሜሪካ ቁማር ቤቶች ጥበቃ ሠራተኞች በመሣሪያው አጠቃቀም ከሠለጠኑ በኋላ፣ በዚህ ሕመም ከወደቁት 105 ሰዎች 53 በመቶው ከሆስፒታል በሕይወት ወጥተዋል፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ ንዝረት ካገኙት ደግሞ 74 በመቶው ተርፈዋል። መሣሪያውን የያዙት ዘበኞች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም።

ሕግ አውጪዎችም ነገሩን ተረድተው ነበር። ፍሎሪዳ በ1997 ሰፊ ሕግ ስታወጣ ሌሎቹ ተከተሉ፤ በ2001 ሕግ ያላወጣ ክፍለ ግዛት አልቀረም። የፌዴራሉ መንግሥትም በ2000 መጨረሻ ተጠቃሚውንና ባለንብረቱን ከክስ የሚጠብቅ ሕግ አጸደቀ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ጥበቃውን የሰጡት በቅድመ ሁኔታ ነበር፦ የሐኪም ክትትል፣ ሥልጠና፣ ምዝገባ፣ የጥገና ቁጥጥር። ውጤቱ እንግዳ ሆነ። መሣሪያውን የገዛ ግዴታ ተሸከመ፤ ያልገዛ ግን ምንም አልተጠየቀም።

ይህን ክፍተት አንዳንዴ የዘጋው ሐዘን ነው። በ2000 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በጨዋታ ላይ ደረቱን በኳስ ተመትቶ ሞተ። ወላጆቹ ባደረጉት ትግል በ2002 የጸደቀው፣ በልጁ ስም «የሉዊስ ሕግ» የተባለው ድንጋጌ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሣሪያውን እንዲያኖሩ አስገደደ።

በካሊፎርኒያ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 አንድ ትልቅ መደብር ለደንበኞቹ ዲፊብሪሌተር የማስቀመጥ ግዴታ በልማዳዊው ሕግ እንደሌለበት፣ ግዴታ ማውጣትም የሕግ አውጪው ፈንታ እንደሆነ ወሰነ። ሕግ አውጪው በቀጣዩ ዓመት ለገዢዎች ቅድመ ሁኔታውን አቀለለ፤ ከ2017 ጀምሮ በሚሠሩ፣ ብዙ ሰው በሚሰበሰብባቸው የተወሰኑ ሕንጻዎችም መሣሪያው እንዲኖር አዘዘ።