ስም የለሾቹ ጉብታዎች

ታሪክ ሲባል ንጉሥና ጦርነት ብቻ ለምን ይታየናል? እስቲ ዛሬ የአንድ ዘይት ታሪክ እናንሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶረን የንሰን የተባለው የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት በ1964 ይፈልግ የነበረው ዲዲቲን ነው። ከዓሣና ከባሕር ንስር ያወጣውን ስብ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባለው መሣሪያ ያሳልፋል፤ መሣሪያው ያገኘውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጉብታ ጉብታ አድርጎ ይስላል። የዲዲቲው ጉብታ በቦታው አለ። አጠገቡ ግን ማንም የማያውቃቸው ሌሎች ጉብታዎች ተደርድረው ቁጭ! ሌላ ሰው ቢሆን «የመሣሪያው ጣጣ ነው» ብሎ ባለፋቸው ነበር። የንሰን ሁለት ዓመት ተከተላቸው።

ብልሃቱ ደስ ይለናል። ሙዚየም ሄዶ የድሮ ንስሮችን ላባ መረመረ። በ1944ቱ ላባ ውስጥም ጉብታዎቹ አሉ! ያኔ ስዊድን ውስጥ ዲዲቲ ገና አልተስፋፋም። እንግዲህ ነገሩ ሌላ ነው ማለት ነው።

በ1966 ስሙ ታወቀ፤ ፒ.ሲ.ቢ.። ከ1929 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ክሎሪን አዘል ዘይት ነው፤ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ አይበላሽም፤ ለትራንስፎርመርና ለካፓሲተር፣ ለቀለምም ሳይቀር ተወደደ። እንደ ዲዲቲ ማሳ ላይ የረጨው የለም። ከፋብሪካና ከቆሻሻ መጣያ እያመለጠ ነው ባሕር የገባው። የተመሰገነበት አለመበላሸቱ ደግሞ ጉዱን አመጣ፤ ስብ ውስጥ ተደብቆ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ፣ ከዚያም ወደ ንስሩ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

የንሰን የራሱን፣ የሚስቱንና የጨቅላ ሴት ልጁን ፀጉርም መረመረ። በሦስቱም ውስጥ ተገኘ። ሕፃኗ መቼ ዓሣ በላች? ከእናቷ ጡት ነው ብሎ ገመተ።

ጃፓን ውስጥ ደግሞ ባሰ። በ1968 አንድ ፋብሪካ የሩዝ ዘይት ለማሞቅ በቱቦ የሚያዞረው ፒ.ሲ.ቢ. ሾልኮ ከምግብ ዘይቱ ተቀላቀለ። ከሺህ በላይ ሰው ታመመ፤ ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ተወለዱ። ኋላ ሲጣራ ዋናው ጎጂ ፉራን የሚባለው ሆኖ ተገኘ። እሱን ደግሞ ልሥራው ብሎ የሠራው ሰው የለም፤ ፒ.ሲ.ቢ.ው ሲግል ራሱ የወለደው ነው።

ጃፓን ምርቱን በ1972 አቆመች፤ አሜሪካ በ1979 ከለከለች። ዓለም አቀፉ ስምምነት በ2001 የተፈረመው፣ ይገርማል፣ እዚያው ስቶክሆልም ነው። አገራችንም በ2003 አጽድቃዋለች። ስምምነቱ በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ላለው ዘይት ከአገልግሎት መውጫ 2025ን፣ ለማስወገጃው 2028ን ቀን ቆርጦለታል።