ቤት ገብቶ መለካት፦ ሕንፃ ኮሌጅ በጎረቤት ዓይን

ከዩኒቨርሲቲያችን ምሩቃን መካከል "ሕንፃ ኮሌጅ" ሲባል የት እንደሆነ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በወረቀት ላይ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። መጀመሪያ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነበር፤ ቀጥሎ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ደቡብ ግቢ ሆነ፤ አሁን ደግሞ የሥነ-ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። በሰው አፍ ግን ያው ሕንፃ ኮሌጅ ነው። የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሕክምና ፋኩልቲ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ "እስቲ ዘንድሮ ስለ ጎረቤቶቻችን ልጻፍ" አልኳቸው። ከጥቁር አንበሳ ልደታ በእግር የሚኬድ ነው። ከመንገዱ ይልቅ ግን ያቀራረበን ሥራው ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ኮሌጁ የተመሠረተው በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በእኛ 1946/47 መሆኑ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ገና አልተቋቋመም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ስድስት ኪሎ የተመረቀው በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ነውና፣ የሁለቱ 1954ዎች መመሳሰል እንዳያምታታን። ስዊድን ለሌሎች አገሮች የልማት እርዳታ መስጠት ስትጀምር ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቿ አንዱ ይኸው ተቋም ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከአምስት ኪሎው የምሕንድስና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆነ። አምስት ኪሎ ሰሜን ግቢ፣ ልደታ ደቡብ ግቢ መባላቸው ከዚያ የመጣ ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እንደገና ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ሆነ።

ከምሥረታው ጀምሮ ሥራው ማስተማር ብቻ አልነበረም። ስለ ግንባታ ምርምር ያደርግ ነበር፤ የግንባታ ዕቃም ይፈትሽ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። አዲስ አበባ በአብዛኛው የተሠራችው ከባሕር ዛፍና ከጭቃ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ባይመጣ ኖሮ ማገዶ ያለቀባት ዋና ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ትዛወር እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ታዲያ እዚህ አገር ስለ ሕንፃ የሚያስተምር ሰው ስለ ሲሚንቶና ብረት ብቻ አስተምሮ ቢሸኝ፣ ሐኪምን ወባ ሳያስተምሩ ቆላ እንደመላክ ነው። ሕዝቡ የሚኖረው በማገር፣ በምርጊትና በቆርቆሮ ነዋ!

አሁን ወደ ከተማዋ ፕላን ልለፍ። የአዲስ አበባን መልክ ወረቀት ላይ ለማውጣት የሞከሩት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ለ ኮርቡዚዬ ከተማዋን ሳያያት ንድፍ ነደፈላት። ቀጥሎ ጣሊያኖቹ ጉዪዲና ቫሌ የወረራውን ዘመን ፕላን ሠሩ። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ፤ እነ ቦልተን ሄነሲ ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማርየን ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚወርደውን መስመር የከተማዋ አከርካሪ አደረጉት። እኛ የተማርንበት ጥቁር አንበሳም የቆመው በዚሁ መስመር ላይ፣ በቸርችል ጎዳና ነው። በደርግ ዘመን ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ መጡ፤ ከዚያም ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን በጋራ የሠሩት እ.ኤ.አ. የ1986ቱ ማስተር ፕላን ወጣ። የከተማዋ የራሷ መሥሪያ ቤት ክለሳውን ይዞ የጨረሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በዚያ ሥራ ላይ የልደታ ግቢ ልጆችም ነበሩበት።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ለማናናቅ አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ፕላን ከላይ ወደ ታች የታየ ነው፤ መንገድ፣ አደባባይ፣ መስመር። ሕንፃ ኮሌጅ ለተማሪዎቹ ያስለመደው ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሜትር ይዞ ሰው ቤት መግባት።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1990ዎቹ ተማሪ በነበርንበት ጊዜ እኛ የሕክምና ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ቀበሌ እየተመደብን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። "ስንት ሰው ይኖራል? ስንቱ በአንድ ክፍል ይተኛል? መስኮት አለ? ምግብ የሚበስለው የት ነው? ሽንት ቤቱ ለስንት አባወራ ነው?" እያልን ቅጽ እንሞላለን። የሥነ-ሕንፃ ተማሪ የነበረች አንዲት ጓደኛዬ የስቱዲዮ ሥራዋን አንድ ቀን ስታሳየኝ ገረመኝ። የእኛው ጥያቄ በሙሉ አለ፤ ልዩነቱ በሥዕል መሆኑ ነው። አልጋው፣ አልጋው ሥር የሚወጣው ፍራሽ፣ ልጆቹ የሚተኙበት ቆጥ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒሱ፣ የከሰል ምድጃው፣ ከበሩ እስከ ጋራ ቧንቧው ያለው ርቀት፣ ሁሉም በመጠኑ ተለክቶ ተቀምጧል። እኛ "የሕመም ታሪክ" የምንለውን እነሱ "የቦታ ጥናት" ይሉታል። እኛም እነሱም ምን እናድርግ ከማለታችን በፊት ያለውን ነገር ማወቅ አለብን። በጁሪ ፊት ቆሞ "ይህን ግድግዳ ለምን አነሣኸው?" ተብሎ መፋጠጥም ከእኛ የዋርድ ዙር ብዙ አይለይም።

ቀበሌ ቤት ምን እንደሆነ ለወጣቶቹ ላስታውስ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ደሃው መጠለያ አገኘ፤ ኪራዩ ግን ቤቱን ለመጠገን የሚበቃ አልነበረም። ቤተሰቡ ሲበዛ ቆጥ ተጨመረ፣ ጓዳው ተቀጠለ፣ ግቢው ጠበበ። እኔ ዛሬ በሥራዬ የማየው የልብ ቧንቧ በር ሕመም፣ ማለትም በልጅነት ከጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ ልብን የሚጎዳው፣ ሰው ተፋፍጎ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይራባል። ሳንባ ነቀርሳም አየር የማይገባበትን ክፍል ይወዳል። እኛ መድኃኒት እንጽፋለን፤ መስኮት የማዘዝ ሥልጣኑ ግን የጎረቤቶቻችን ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ። ንጹሕ ውኃና የግል ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ደረሰ፤ ይህን ጥቅም ሐኪም አይክደውም። ግን አራተኛ ፎቅ ዕጣ የወጣላትን፣ ልቧ የደከመ እናት ያለ ሊፍት ደረጃ ስትወጣ አስቧት። በየደረጃው ወለል ላይ ቆማ ታርፋለች፤ በኋላም ለክትትል መምጣቷን ትተዋለች። ቤቷን ቀድሞ የለካ ሰው ቢኖር ኖሮ ጉልበቷንም ይለካ ነበር። ኮሌጁ በዚህ ረገድ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ከዙሪኩ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመሆን ልደታ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርቶ አሳይቷል። ምድር ቤቱ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ላይኛው ከታመቀ የአፈር ብሎኬት፣ ጣሪያው ደግሞ ቅስት ነው። ያ የመጀመሪያው ዘመን ጥያቄ፣ ማለትም "ባለን ነገር ምን ይሠራል?" የሚለው፣ አልሞተም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለትዝታ ብቻ አይደለም። በልደታ ዙሪያ የነበሩት ሰፈሮች ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ ፈርሰዋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ ሰፈሮችም ተከተሉ። እነዚያ ቤቶች ባሉበት ይኑሩ ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ ውስጥ ሰው ታሞባቸዋል። ነገር ግን ታካሚ ሲሞት ካርዱ አይቀደድም። ካርዱን የምናቆየው ቀጣዩን ታካሚ የምንረዳው በእሱ ስለሆነ ነው። አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒ ዤራር ከ1886 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ስላለችው አዲስ አበባ ያዘጋጁት መጽሐፍ የቀድሞዎቹን ታላላቅ ቤቶች መዝግቦልናል። ቆጥ ያለውን የቀበሌ ቤት ግን በብዛት የለካው የስቱዲዮ ተማሪ ነው። ለአንዳንዱ ቤት ከዚያ የተማሪ ሥዕል ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ የሕንፃ ኮሌጅ ምሩቃን፣ በዘንድሮው መገናኛችን ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቁም ሣጥን ላይ የተጠቀለለውን ትሬሲንግ ወረቀት፣ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ሲዲ፣ የመመረቂያ ሥራችሁን የሰፈር ጥናት ይዛችሁ ኑ። ትሬሲንግ ወረቀት ይደርቃል፤ ሲዲም የሚያነበው ማሽን እየጠፋ ነው። የምታስታውሱትን የሰፈሩን ስምና ዓመቱን ጀርባው ላይ ጻፉበት። የቤተሰቦቹን ስም ግን ሸፍኑት፤ እኛ የታካሚ ምስጢር እንደምንጠብቀው ማለት ነው። መምህራኖቻችን ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ መደርደሪያ ለዚህ ይልቀቁልን፤ ስካን ማድረጉን ማኅበራችን ይያዘው። ከሕክምና ፋኩልቲ በዚያ ዘመን ቤት ለቤት የዞርን ጓደኞቼም የቀበሌ ጥናት ሪፖርት ያስቀራችሁ ካላችሁ አምጡት። የእናንተ ቅጽና የእነሱ ሥዕል ስለ አንድ ሰፈር የተሠሩ ከሆኑ፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለነገው ፕላን አውጪም ለነገው ሐኪምም ይጠቅማሉ። እኔም የራሴን ይዤ እመጣለሁ።