ስለ ጢስና ስለ ልብ

ጢስ መውጫ አያጣም ይላል ያገራችን ሰው። ነገሩ እውነት ነው፤ ጢስ በጣራው ሣር መካከል፥ በግድግዳው ስንጥቅ፥ በበሩም ጥግ መውጫውን ይፈልጋል፤ ያገኛልም። ነገር ግን ከዚህ ምሳሌ አጠገብ ሌላ ሊነገር የሚገባው ቃል አለ፤ ይኸውም ጢስ መግቢያም አያጣም የሚል ነው። ዓይንን አስለቅሶ፥ ጉሮሮን ከርክሮ የሚያልፍ የሚመስለው ጢስ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከሳንባም ጉዳቱ ወደ ደም፥ ከደምም ወደ ልብ ይደርሳል። የሰው ልጅ ይህን ለማወቅ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ ዕውቀቱም የተገዛው በብዙ ሰው ሞት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ዕውቀት ታሪክ ከመነሻው ጀምረን በአጭሩ እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በእንግሊዝ አገር ማገዶ እየጠፋ በሄደ ጊዜ ሕዝቡ የድንጋይ ከሰል ማንደድ ጀመረ። በ1257 ዓ.ም. የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሚስት ንግሥት ኤሌኖር በኖቲንግሃም ከተማ ሳለች የከሰሉን ጢስ መታገሥ ስላልቻለች ከተማውን ትታ እንደ ሄደች በታሪክ ተጽፏል። ንግሥት መሄጃ አላት፤ ድኻ ግን ጢሱ ባለበት ይኖራል። ከ400 ዓመት በኋላ በ1661 ዓ.ም. ጆን ኤቭሊን የሚባል ጸሐፊ ፉሚፉጊዩም የተባለ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ አቀረበ። በዚህም መጽሐፍ የሎንዶን ጢስ የነዋሪውን ሳንባ እንደሚጎዳ አስረድቶ፥ ብዙ ከሰል የሚያነዱ ሥራዎች ከከተማው እንዲርቁ፥ በከተማውም ዙሪያ መልካም መዓዛ ያላቸው አትክልቶች እንዲተከሉ መከረ። ምክሩ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ኋላም ፋብሪካ በበዛበት ዘመን የጢስ ማውጫ የሥራና የእንጀራ ምልክት ሆኖ ስለ ታየ፥ ጢስን የሚነቅፍ ሰው ሀብትን እንደሚነቅፍ ተቆጠረ።

በ1930 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መጀመሪያ፥ በቤልጅግ አገር በሜዝ ወንዝ ሸለቆ ላይ ከባድ ጭጋግ ወረደ። ሸለቆው ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙን ኮረብታ ይዞታል፤ በወንዙም ዳር ብረትና ዚንክ የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ተደርድረውበት ነበር። ዘወትር በምድር አጠገብ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ጢሱን ይዞት ይሄዳል። በዚያን ሳምንት ግን ቀዝቃዛው አየር ከታች፥ ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ እንደ ድስት ክዳን ስለ ገጠመው፥ መውጫ አያጣም የተባለው ጢስ መውጫ አጣ። በሁለት ቀን ውስጥ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከብትም አለቀ። ከሰዎቹም የሚበዙት ሽማግሌዎችና አስቀድሞ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያደረባቸው ነበሩ።

ነገሩን እንዲመረምሩ ከታዘዙት ሊቃውንት አንዱ ዣን ፊርኬ የሚባል ሐኪም ነበር። እርሱም ጥፋቱ የመጣው ከጭጋጉ ሳይሆን በጭጋጉ ውስጥ ከታፈነው የፋብሪካ ጢስ መሆኑን ከገለጠ በኋላ፥ እንዲህ ያለ መከራ በሎንዶን ቢደርስ ወደ 3,200 የሚሆን ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል ብሎ አስጠነቀቀ። ቃሉ ታትሞ ወጣ፤ ያነበቡት አነበቡት፤ ከሥራ ላይ ያዋለው ግን አልተገኘም። በ1948 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ደግሞ በአሜሪካ አገር በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዶኖራ በምትባል የብረትና የዚንክ ፋብሪካ ከተማ ይኸው ነገር ተደገመ፤ 14,000 ከሚያህለው ሕዝብ 20 ሰዎች ሞተው ወደ 6,000 የሚጠጉት ታመሙ።

የቤልጅጉ መከራ ከደረሰ 22 ዓመት ሲሞላ የፊርኬ ቃል ተፈጸመ። በ1952 ዓ.ም. ዲሴምበር 5 ቀን ዓርብ፥ በሎንዶን ላይ ነፋስ ቆመ፤ ብርዱም በረታ። ብርድ የያዘው ሕዝብ ሁሉ በየምድጃው ከሰል ጨመረ፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹና ፋብሪካዎቹም እንደ ልማዳቸው ጢሳቸውን ለቀቁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ቢጫ የመሰለ ጥቁር ጭጋግ ከተማውን ሸፈነው። ሰው የገዛ እግሩን ማየት ተሳነው፤ አውቶቡሶች ቆሙ፤ ጢሱም ወደ ቴአትር ቤት ገብቶ ጨዋታው ተቋረጠ። በዚያ ሰሞን ለከብት ትርዒት ከመጡት የሰቡ በሬዎች አንዳንዶቹ ታፍነው ሞቱ። ሰዎች ግን በየቤታቸውና በየሆስፒታሉ በዝምታ ይሞቱ ስለ ነበር፥ የጥፋቱ መጠን የታወቀው ቀባሪዎች የሬሳ ሣጥን፥ አበባ ሻጮችም አበባ ባነሳቸው ጊዜ ነው።

ቆጠራው ሲደረግ ከልማዱ በላይ ወደ 4,000 የሚሆን ሰው መሞቱ ተገኘ። ብዙዎቹ በሳንባ በሽታ ሞቱ፤ ነገር ግን በልብ ሕመም የሞቱትም ቁጥር አብሮ ከፍ ብሎ ነበር። ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላም ሞቱ ለብዙ ሳምንት አልተመለሰም። ሹማምንቱ ግን ይህን የኋለኛውን ሞት ከኢንፍሉዌንዛ የመጣ ነው አሉ። በ2001 ዓ.ም. ሁለት ሴቶች ተመራማሪዎች፥ ሚሼል ቤልና ዴቭራ ዴቪስ፥ የዚያን ዘመን መዝገብ እንደ ገና መርምረው ኢንፍሉዌንዛ ብቻውን ያን ሁሉ ሰው ሊገድል እንደማይችል አሳዩ፤ የሟቾቹንም ቁጥር ወደ 12,000 አደረሱት። እንግዲህ 8,000 የሚሆን ሙት የሞቱ ምክንያት ሳይነገርለት ግማሽ መቶ ዓመት ቆየ ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ ከዚህ መከራ አንድ መልካም ነገር ወጣ። ሰር ሂው ቢቨር የሚመሩት ጉባኤ ነገሩን መርምሮ በ1954 ዓ.ም. ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1956 ዓ.ም. የንጹሕ አየር ሕግ ታወጀ። በሕጉም ጢስ የተከለከለበት ሰፈር እየተለየ እንዲወሰን ሆነ፤ ሕዝቡም ምድጃውን ሲለውጥ ከወጪው የሚበዛውን መንግሥትና የከተማው አስተዳደር እንዲሸፍኑለት ተደረገ። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ ሕግ ለድኻ አታንድድ ብሎ ብቻ ቢያዝ በብርድ ይገድለው ነበርና።

ጥቁሩ ጢስ ከታላላቆቹ ከተሞች ከተወገደ በኋላ ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መሰለው። በ1993 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ሊቃውንት በ6 ከተሞች የሚኖሩ 8,111 ሰዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። አየሩ እጅግ በቆሸሸው ከተማ የሚኖረው ሕዝብ አየሩ እጅግ በጠራው ከሚኖረው ይልቅ የመሞቱ ዕድል በ26 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ትንባሆ ማጨስና ሌላው ምክንያት ሁሉ ተለይቶ ከታሰበ በኋላ ነው። ሞቱም የሚበዛው በልብና በሳንባ በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምርመራው ዓይን በዓይን ከሚታየው ጥላት ወደማይታየው ደቃቅ ትቢያ ተመለሰ። ይህ ትቢያ አንድ ሚሊ ሜትር ለ1,000 ተከፍሎ ከ2 እጅ ተኩል የማይበልጥ ነው፤ ከጠጉር ውፍረት ጋር ቢተያይ 30ኛውን እጅ ያህል ነው።

ትቢያው ልብን የሚጎዳበት መንገድ 3 ነው። አንደኛው፥ በሳንባ ጥልቅ ሥፍራ ሲያርፍ ሳንባው ይቆጣል፤ ቁጣውም በደም ይሰራጫል፤ ደሙ ለመርጋት ይቸኩላል፤ በልብ የደም ሥር ግድግዳ የተከማቸው ስብም ሊፈነዳ ይችላል፤ በዚያም የረጋው ደም መንገዱን ሲዘጋው ልብ በድንገት ይመታል። ሁለተኛው፥ የልብን ትርታ የሚያዝዙት ጅማቶች ይታወካሉ፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ትርታውም ሥርዓቱን ያጣል። ሦስተኛው፥ ከትቢያው እጅግ የደቀቀው ራሱ የሳንባን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ምርመራ እንደሚያስረዳ፥ የስኮትላንድና የስዊድን ሐኪሞች ቀድሞ የልብ ሕመም የደረሰባቸውን 20 ወንዶች በጥንቃቄ አየጠበቁ ብስክሌት ሲያስነዱ አንድ ጊዜ ንጹሕ አየር፥ አንድ ጊዜ የናፍጣ ጢስ የተቀላቀለበት አየር አስተነፈሷቸው፤ በጢሱ ጊዜ ልባቸው ደም እንዳነሰው መሣሪያው ገለጠ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኤዲንብራ እጅግ የደቀቀ የወርቅ ትቢያ ፈቃደኞች እንዲተነፍሱ ተደርጎ ወርቁ በደማቸውና በሽንታቸው ተገኘ፤ በታመመ የደም ሥርም ውስጥ ተከማችቶ ታየ። የቅኔ ተማሪ ወርቁን ከሰሙ በታች ይፈልጋል፤ እነዚህ ሐኪሞችም ወርቁን ከደም ውስጥ ፈልገው የጢስን ስውር መንገድ አገኙ።

በዘመናችን ደግሞ ጢስ ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከሚነድ ዱር ይመጣል። ምድር በሞቀችና ድርቅ በረዘመ መጠን የዱር እሳት እየበረታ ሄዷል። ከ2019 እስከ 2020 ዓ.ም. በምሥራቅ አውስትራልያ በነደደው ታላቅ እሳት አደጋ የሞቱት 33 ሰዎች ናቸው፤ በጢሱ ምክንያት የሞቱት ግን 417 እንደሚሆኑ ሊቃውንት ገምተዋል፤ በልብና በደም ሥር ሕመም ወደ ሆስፒታል የገቡትም 1,124 ይሆናሉ ብለዋል። ጢስ ድንበር አያውቅም፤ በ2023 ዓ.ም. በጁን ወር የካናዳ ዱር ሲነድ የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካን መሰለ። ነበልባሉን ሰው ይሸሸዋል፥ ሠራዊትም ይዘምትበታል፤ ጢሱ ግን ከነበልባሉ ርቆ በመኝታ ቤቱ ያለውን ሽማግሌ ያገኘዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር ወደ ገዛ ማድቤቱ ይመልከት። በኢትዮጵያ በሚበዛው ቤት ዛሬም ወጥ የሚሠራው፥ እንጀራም የሚጋገረው በእንጨት፥ በኩበትና በከሰል ነው። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ሕፃን አዝለው በምጣዱ ላይ ጎንበስ ብለው የሚተነፍሱት አየር ከሎንዶን ጭጋግ ወገን ነው፤ ልዩነቱ የሎንዶኑ 5 ቀን ቆይቶ ማለፉ፥ የእነርሱ ግን በየሳምንቱ መመለሱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ሁሉ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከዚህም 32 በመቶው የሞተው የልብ ደም ሥር በመዘጋት፥ 23 በመቶውም ደም ወደ አንጎል በመቋረጡ ወይም በአንጎል በመፍሰሱ ነው። ስለዚህ ከግማሽ የሚበልጠው ሞት የልብና የደም ሥር ሞት ነው። እኛ ግን በጢስ የምንጠረጥረው ዓይንንና ሳልን ብቻ ነው፤ ሴቲቱ በድንገት ብትወድቅ ምጣዱን የሚከስስ የለም።

መድኀኒቱ ከታሪኩ ይገኛል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያገኘ በእርሱ ይጋግር፤ ያላገኘ ለማድቤቱ ጢስ ማውጫና ሰፊ መስኮት ያብጅለት፥ የደረቀ እንጨት ያንድድ፥ ሕፃንና ሽማግሌን ከጢሱ ያርቅ። ልቡን የታመመ ሰው ጢስ በበዛበት ቀን ከድካም ሥራ ይቆጠብ፤ መድኀኒቱንም አያቋርጥ። ሹማምንትም ሕግ ሲያወጡ የ1956ቱን ዓመት ያስቡ፤ የድኻውን ምድጃ ሳይለውጡ ጢሱን ብቻ መከልከል ሥራ አይደለምና።

ኤቭሊን ተናገረ፥ አልተሰማም። ፊርኬ ቁጥር ቆርጦ አስጠነቀቀ፥ አልተሰማም። በቋንቋችን ማስተዋልን ልብ ማለት እንላለን፤ የማያስተውለውንም ልበ ቢስ እንለዋለን። እነዚያ ልብ ቢሉ ኖሮ የብዙዎች ልብ ባልቆመ ነበር። እኛስ የእነርሱን ታሪክ አንብበን ዛሬ ማታ ከማድቤቱ በር የሚወጣውን ጢስ ስናይ ልብ እንበል።