ንጹሕ ውሃ ለማን? የቤት ውስጥ የኮራል ገንዳና የማጣሪያ ምርጫ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ከታሪክ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው ያሰኝ ይሆናል። አንድ ሰው ሕያው ኮራልን ከነዓሣው በቤቱ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለማኖር ቢነሣ፣ ገንዳውን የሚሞላበትን ውሃ በምን መሣሪያ ሊያጣራ ይገባዋል? ጥያቄው ለነጋዴ ወይም ለቧንቧ ሠራተኛ የሚተው ይመስላል። ሆኖም ዛሬ በገበያ ላይ ያለውን ማጣሪያ ከፍተን ብንመለከት፣ በተርታ የተደረደሩት አራት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የአንድ ዘመን ችግርና መፍትሔ ሆነው እናገኛቸዋለን። ላሳያችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው፤ ንጽሕና ውሃ ብቻውን የሚሸከመው ባሕርይ አይደለም። ለማን? ከምን? በማን ወጪ? የሚሉ ሦስት ጥያቄዎችን ያስከትላል። ማጣሪያ መምረጥም እነዚህን መመለስ ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከአንዲት እንግሊዛዊት እንጀምር። አና ቲን በ1846 ከቶርኪ ባሕር ዳርቻ ማድሬፖር የሚባሉ ድንጋያማ ኮራሎችን ሰብስባ ወደ ለንደን ወሰደች። ለንደን ከባሕሩ ሩቅ ናት፤ የባሕር ውሃን እየደጋገሙ ማስመጣትም አድካሚ ነው። ስለዚህ ያለውን ውሃ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጡ አየር እንዲያገኝ የማድረግ ዘዴ ተያዘ። ይህ ሥራ በየቀኑ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስድ ነበር፤ ክንዱን ያዋሰችው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ነበረች። በማግሥቱ ዓመት አና ቲን የባሕር ተክሎችን ጨመረችበትና ውሃው ሚዛኑን መጠበቅ ጀመረ። ስለ አኳሪየም ታሪክ ስንናገር የእመቤቲቱን ስም እናነሣለን፤ የሠራተኛዋን ድካምም አብረን ብናስታውስ መልካም ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

በ1853 በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በዚህ ሥራ የተሳተፈው የተፈጥሮ አጥኚ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ፣ በቀጣዩ ዓመት «አኳሪየም» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያው ዓመትም አራት ዐይነት ጨዎችን በውሃ በማሟሟት ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ የሚዘጋጅበትን ቀመር አቀረበ። ይህ ታላቅ መታጠፊያ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሕሩ በጨው መልክ በከረጢት ወደ ቤት ሊገባ ቻለ። የኮራሉ ዕጣ ግን ጨው በሚሟሟበት ውሃ፣ ማለትም በከተማው ቧንቧ ላይ ወደቀ።

የከተማ ውሃ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ለንደን ውስጥ የቼልሲ ውሃ ድርጅት በ1829 የቴምዝን ውሃ በአሸዋ ማጣራት ጀምሮ ነበር። ጎስ መጽሐፉን ባሳተመበት በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በዚያችው ከተማ የኮሌራን ሞት እስከ ብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ ድረስ ተከታትሎ አሳየ። በ1908 በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ታይፎይድና ኮሌራ ካፈገፈጉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በ1970ዎቹ ግን ክሎሪን በውሃ ውስጥ ካለ የተክል ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ለጤና የሚያሰጉ ውሕዶችን እንደሚፈጥር ታወቀ። አሜሪካ በ1979 ለእነዚህ ውሕዶች ገደብ ስታበጅ፣ ብዙ የውሃ ድርጅቶች ክሎሪንን ከአሞኒያ ጋር አዋሕደው ክሎራሚንን መጠቀም መረጡ። እርሳስና መዳብ ከቧንቧ እየተሸረሸሩ እንዳይወጡም በየቦታው ፎስፌት ይጨመር ጀመር። እያንዳንዱ እርምጃ የሰውን ሕይወት ጠብቋል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ለኮራል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮራል የለመደው ጥርት ያለና ንጥረ ምግብ የሳሳበት ባሕር ነው። ለእኛ ቧንቧ የሚበጀው ፎስፌት በእርሱ ገንዳ ውስጥ አልጌን ያሰባል። በመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው የመዳብ መጠን ወደ 2 ሚሊግራም በሊትር ሲደርስ፣ አከርካሪ የሌላቸው የባሕር ፍጥረታት ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ይጎዳሉ። በዚህ ላይ ትነት አለ። ለምሳሌ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በቀን 4 ሊትር ቢተንበት፣ በዓመት 1460 ሊትር ውሃ ይጨመርበታል፤ ይህም የገንዳው ይዘት ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ የሟሟበት ሁሉ ይቀራል። ውሃው በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሬት ቢኖረው፣ ለመጠጥ ከዓለም የጤና ድርጅት የ50 ሚሊግራም መመሪያ በታች ስለሆነ የሚያሳስብ አይደለም። በገንዳው ግን ካልተወገደ በዓመት ውስጥ በሊትር ከ140 ሚሊግራም በላይ ይከማቻል።

አሁን ማጣሪያውን ከፍተን እንመልከት። የመጀመሪያው ክፍል ደለልና ዝገትን የሚያስቀር ነው፤ የቼልሲ አሸዋ የልጅ ልጅ ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው ከሰል ነው። ቶቢያስ ሎቪትስ የተባለው ኬሚስት በ1785 በሴንት ፒተርስበርግ ከሰል ቀለምን ከፈሳሽ እንደሚስብ አስተዋለ፤ ዛሬ ክሎሪንን የምናስወግደው ከዚያ በተወረሰው ዕውቀት ነው።

ሦስተኛው ክፍል ስስ ሽፋን፣ በተለምዶ ሜምብሬን የምንለው ነው። በ1748 ፈረንሳዊው ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ዣን አንቷን ኖሌ አልኮል የሞላበትን ዕቃ በአሳማ ፊኛ ዘግቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ውሃው በፊኛው አልፎ ገባ፣ ፊኛውም ተወጠረ። ይህ ኦስሞሲስ ነው። በግፊት ኃይል ሂደቱን ገልብጦ ውሃውን ከጨው ለማስመለጥ ሁለት መቶ ዓመታት ፈጀ። በ1950ዎቹ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሪድና ባልደረባው ሴሉሎስ አሲቴት ጨውን እንደሚያግድ አሳዩ፤ ውሃው የሚያልፈው ግን በጠብታ ነበር። ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በሎስ አንጀለስ በ1960 ገደማ ላዩ እጅግ ስስና ጥብቅ፣ ሥሩ ግን ቀዳዳማ የሆነ ሽፋን ሠርተው ችግሩን ፈቱ። በ1965 የካሊፎርኒያዋ ኮሊንጋ ከተማ በዚህ ዘዴ ውሃ ማምረት ጀመረች። በ1970ዎቹ ጆን ካዶት ያዳበረው የፖሊአማይድ ሽፋን ከቀድሞው የላቀ ሆነ፤ ክሎሪን ግን ይጎዳዋል። ከሰሉ ከሜምብሬኑ የሚቀድመው ስለዚህ ነው። የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የዲዛይነር ምርጫ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አራተኛው ክፍል አዮን የሚለዋውጥ ሬዚን ነው። በ1935 እንግሊዛውያኑ አዳምስና ሆልምስ ሰው ሠራሽ ሬዚን ይህን ጠባይ እንዳለው ይፋ አደረጉ፤ ለግኝቱ መነሻ የሆነው የተሰባበረ የሙዚቃ ሸክላ እንደነበር ይተረካል። ሬዚኑ ከሜምብሬኑ ያመለጠውን ጥቂት ነገር ይለቅማል። ከእነዚህ አራት ክፍሎች አንዱም ስለ ኮራል ታስቦ የተፈለሰፈ አይደለም።

በዚህ ዕውቀት ምርጫውን እንመዝን። ማንጠርና ማቀዝቀዝ ጥንታዊ መንገድ ነው፤ አሪስቶትልም የባሕር ውሃ ተንኖ ሲመለስ ጣፋጭ እንደሚሆን ጽፏል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ያስፈልጋል። ሬዚን ብቻውን ንጹሕ ውሃ ይሰጣል፤ ሆኖም በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ነገር ያለበት ውሃ ሲገባበት ፈጥኖ ይደክማል። ሜምብሬን ከዚህ 97 በመቶውን አስቀድሞ ቢያግድ፣ ለሬዚኑ የሚቀረው 9 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ሁለቱን ያጣመረው መሣሪያ ይሻላል።

ከመግዛት በፊት ግን ውሃን መመርመር ይቀድማል። ቲዲኤስ ሜትር የሟሟውን መጠን ይናገራል፤ ማንነቱን አይናገርም። ከተማው ክሎራሚን የሚጠቀም ከሆነ ለዚያ የተዘጋጀ ከሰል ያስፈልጋል፤ ክሎሪኑ ሲወገድ የሚቀረውን አሞኒያ ለመያዝም ሬዚኑ የግድ ይሆናል። የቧንቧው ግፊት ወደ 4 ባር ካልደረሰ ደጋፊ ፓምፕ መጨመር ይበጃል። በትልቅ ስም ተማምኖ የራስን ውሃ ሳይመረምሩ መሣሪያ መግዛት፣ በሽታ ሳይታወቅ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በማን ወጪ የሚለው ነበር። የቤት ውስጥ ሜምብሬን አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይለቃል። ያ 4 ሊትር የሚተንበት ገንዳ በቀን ከ12 እስከ 16 ሊትር ያስደፋል፤ አንድ ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ የአና ቲን ሠራተኛ ድካም አልጠፋም፤ ከክንድ ወደ ፓምፕ፣ ከፓምፕም ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ተሻገረ እንጂ። የሚወጣው ውሃ መርዝ አይደለም፤ ጨው የበዛበት የቧንቧ ውሃ ነው። ልብስ ያጥባል፣ ወለል ይወለውላል። ስለዚህ መሣሪያ ሲመረጥ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት በርሜል የመሣሪያው አምስተኛ ክፍል ተደርጎ ይቆጠር እላለሁ።

የነገሩ ተገላቢጦሽ በአገራችን አለ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ለዓይን የጠራ፣ ለምላስ የጣፈጠ ሆኖ ሳለ፣ ከ1.5 ሚሊግራም መመሪያ ያለፈ ፍሎራይድ ስላለው ጥርስን ያበልዛል፣ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት ከጀርም ያድናል፤ ፍሎራይዱን ግን አይቀንስም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከማቸዋል። ሰው የሚጠጣው ውሃ ኮራልን እንደሚገድል ሁሉ፣ የጠራ የሚመስል ውሃም ሰውን ሊጎዳ ይችላል። በሁለቱም ዘንድ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ማወቅ፣ የሚጠቀምበትንም ፍጥረት ማወቅ።